«ልጁ ቅብጥብጥ ነው» ከማለታችን በፊት

በተማሪ ልጆች ላይ የሚታዩ የትኩረት ማጣት ችግርና የስኳር ሕመም ምልክቶችን ስለ መለየት

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የጤና ትምህርት መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየአጥቢያችን፣ በየትምህርት ቤቱና በየአብነት ጉባኤው «አይቀመጥም፣ አይሰማም፣ ከትምህርት ላይ እየተነሣ ይወጣል» የሚባል ልጅ አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ልጅ የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። እንቆጣዋለን፣ እንመክረዋለን፣ አልመለስ ካለም ከኋላ እናስቀምጠዋለን። ዛሬ የምንለምናችሁ ከቁጣውም ከምክሩም በፊት አንዲት ጥያቄ እንድታስቀድሙ ነው፤ «ይህ ጠባይ ከመቼ ጀምሮ ነው?» የምትል ጥያቄ።

ይህችን ጥያቄ ሳንጠይቅ ቀርተን ያየነውን በመናዘዝ እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። መዝሙር ቶሎ የሚይዝ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ሌላ ልጅ ሆነብን። በአንድ ሰዓት ትምህርት ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ «ልውጣ» ይላል፤ ሲመለስም በቧንቧው በኩል ዞሮ ውኃ ጠጥቶ ነው። ሰሌዳው አይታየኝም ይላል፣ ጓደኞቹን ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ ቀና ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል። እኛም ሰነፈ፣ ቀበጠ አልን። አንድ እሑድ እንዳይወጣ ከለከልነው፤ ልጁም በተቀመጠበት ልብሱን አረጠበ፣ ጓደኞቹም ሳቁበት። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም።

እናቱ መክሳቱን አይታ ጾሙ ጎድቶት ይሆናል ብላ ነበር። ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ሲጀምረው ቤተሰቡ ወባ መሰላቸው። ሆስፒታል የደረሰው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። እዚያም ሕመሙ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም መሆኑ ታወቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተርፏል፤ ዛሬም ይማራል። ነገር ግን ከጣቱ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ደቂቃ እንኳ በማይፈጅ ምርመራ ሊታወቅ የሚችለውን ነገር እኛ በየሳምንቱ እያየን አላየነውም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በዚያ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ሕመሞች ምንድን ናቸው?

አንደኛው የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ነው፤ ሐኪሞች በምኅጻር ኤዲኤችዲ ይሉታል። ይህ ከአንጎል አስተዳደግና አሠራር ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ሁኔታ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ100 ልጆች መካከል 5 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። እንዲህ ያለው ልጅ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ደብተሩንና እርሳሱን ይጥላል፤ ጥያቄው ተነግሮ ሳያልቅ ይመልሳል፤ ተራውን መጠበቅ ይከብደዋል። ከእነዚህ መካከል ፈጽሞ የማይቅበጠበጡ፣ ዝም ብለው በአሳብ የሚነጉዱም አሉ፤ በተለይ ሴቶች ልጆች በዚህ ምክንያት ሳይታወቅላቸው ይቀራል። ኤዲኤችዲ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም፤ እናት ልጇን ስላሞላቀቀች የሚመጣም አይደለም። ጣፋጭ በመብላት ይመጣል የሚለውም አባባል በጥናት አልተደገፈም።

ሁለተኛው ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ነው። በሕፃናትና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው። የሰውነት የመከላከል ኃይል በስሕተት በቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍት ነውና፣ እርሱ ሲጠፋ ልጁ እየበላ ይራባል። በደሙ ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ስኳሩም ብዙ ውኃ ይዞ ይወጣል። ልጁ ደጋግሞ የሚሸናው ስለዚህ ነው፤ የሚጠማውም የወጣውን ውኃ ለመተካት ነው። ሰውነቱ ኃይል ሲያጣ የራሱን ስብና ጡንቻ ያቃጥላል፤ ልጁም ይከሳል። ከስቡ መቃጠል የሚወጣው አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይከተላል። ይህም ሕመም ልጁ ጣፋጭ በመብላቱ የመጣ አይደለም፤ ወላጆችን በዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ ሕመም ለሕፃናት የሞት ፍርድ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን አገኙ፤ በጥር ወር 1922 እ.ኤ.አ. አንድ የ14 ዓመት ልጅ በዚያው ከተማ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ ወዲህ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ በወቅቱ ከታወቀለትና ኢንሱሊን ካልተቋረጠበት ያድጋል፣ ይማራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። እንግዲህ ዛሬ አንድን ልጅ ሊገድለው የሚችለው ከሕመሙ ይልቅ የእኛ መዘግየት ነው።

በምን እንለያቸዋለን?

ሁለቱም ልጆች በክፍል ውስጥ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ትምህርት አይከታተሉም፤ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ሁለቱም በትንሹ ይቆጣሉ፤ የሁለቱም ውጤት ይወርዳል። ሐኪም ሁኑ አንላችሁም፤ የምንፈልገው ወደ ሐኪም የሚያደርሱ አምስት ጥያቄዎችን በልባችሁ እንድትይዙ ነው።

የመጀመሪያው ያነሣነው ነው፤ ከመቼ ጀምሮ? ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ «ድሮም እንዲህ ነው» ይባልለታል። ለምርመራ የሚጠየቀውም ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ቢያንስ ለ6 ወራት የቆዩ እንዲሆኑ ነው። ስኳር የያዘው ልጅ ግን «እንዲህ አልነበረም» የሚባልለት ነው። ለውጡ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያል። ጭምት የነበረ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ቢለወጥ፣ ኤዲኤችዲ እንዲህ በድንገት አይጀምርምና ሌላ ምክንያት እንፈልግ።

ሁለተኛው፣ የትና የት ይታያል? ኤዲኤችዲ ቢያንስ በሁለት ቦታዎች ይታያል፤ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ በመንደርም በቤተ ክርስቲያንም። በአንድ መምህር ክፍል ብቻ የሚረበሽ ልጅ ምናልባት የሚረብሸው ከዚያ ክፍል ጋር የተያያዘ ነገር ይሆናል። ስኳር የያዘው ልጅም በሁሉ ቦታ ይታመማል፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው፣ ከክፍል ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ይህች ጥያቄ ቀላል ብትመስልም እጅግ ትጠቅማለች። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ የሚነሣው መቀመጥ ስላቃተው ነው፤ ወደ መስኮት፣ ወደ ጓደኛው፣ ወደ ጨዋታ ይሄዳል። ስኳር የያዘው ልጅ የሚሄደው ወደ መጸዳጃ ቤትና ወደ ውኃ ነው። ቤተሰቡን ስለ ሌሊቱም ጠይቁ። መኝታው ላይ መሽናት ከተወ ዓመታት ያለፉት ልጅ እንደ ገና መሽናት ከጀመረ፣ ወይም ሌሊት እየተነሣ ውኃ የሚጠጣ ከሆነ፣ ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም። በገጠር አንዳንድ እናቶች ልጁ በሸናበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው ይናገራሉ፤ ንግግራቸውን በሣቅ አትለፉት፤ በሽንቱ ውስጥ ስኳር ሊኖር ይችላልና።

አራተኛው፣ ከስቷል ወይ? በሚገባ እየበላ ልብሱ የሰፋበት፣ ቀበቶው ቀዳዳ የጨመረ፣ ፊቱ የጠወለገ ልጅ የስኳር ምርመራ ያስፈልገዋል። ኤዲኤችዲ በራሱ ልጅን አያከሳም። ለኤዲኤችዲ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሜቲልፌኒዴት፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳሉ፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅ በዚያ ምክንያት ሊከሳ ይችላል። ይሁን እንጂ የከሳው ልጅ ጥማትና የሽንት ብዛት ካለበት «መድኃኒቱ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

አምስተኛው፣ ቀኑን ሙሉ ኃይል አለው ወይ? ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ የተትረፈረፈ ነው፤ የሚወደውን ጨዋታ ሲያገኝ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ተመስጦ ይቆያል። ስኳር የያዘው ልጅ ግን ኳሱም፣ ጓደኛውም፣ የሚወደው መዝሙርም አያነቃቃውም። ይደክማል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ይተኛል።

ጥማት፣ የሽንት መብዛት፣ መክሳትና ድካም፤ እነዚህን አራቱን በአንድ ላይ ያያችሁበት ልጅ በዚያው ዕለት የደም ስኳሩ ይለካ። እስከ ነገ፣ እስከ ገበያ ቀን፣ እስከ በዓሉ ማለፍ አይቆይ። ምልክቶቹ እያሉ በማናቸውም ሰዓት የተለካው የደም ስኳር 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው። ከእነዚህ ጋር ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ በትንፋሹ ላይ የበሰለ ፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ፣ ወይም መፍዘዝ ከተጨመረ፣ ልጁ በዚያች ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እነዚህ ምልክቶች ከወባ፣ ከታይፎይድና ከሆድ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታሉና፣ ልጁን ይዞ የሄደው ሰው «ስኳሩንም ለኩልን» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። ይህች አንዲት ቃል ነፍስ ታድናለች።

ለኤዲኤችዲ ግን የደም ምርመራ የለውም። ሐኪሙ የሚደርስበት ወላጅንና መምህርን በመጠየቅ፣ ልጁን በማየት፣ ሌሎች ምክንያቶችን በማስወገድ ነው። የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ራስን ለጥቂት ሴኮንዶች የሚያስረሳ የሚጥል በሽታ ዓይነት፣ ረኃብና ኀዘን ሁሉ ትኩረትን ያሳጣሉ። ስለዚህ እኛ ስም ለመስጠት አንቸኩል።

ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። አንዱ ሕመም ሌላውን አይከለክልም። ከዓመታት በፊት «ቅብጥብጥ» የሚል ስም የወጣለት ልጅ በስኳር ቢያዝ፣ አዲሱ ምልክት በአሮጌው ስም ይሸፈናል። «እርሱ ድሮም እንዲህ ነው» የሚለው ቃል ያን ጊዜ አደገኛ ነው። ስለዚህ ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ የሚጠየቀው ጥያቄ «ከድሮው የተለየ አዲስ ነገር አለ ወይ?» የሚል ይሁን።

በተቃራኒውም የስኳር ሕመሙ የታወቀለት፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ የደም ስኳሩ ሲያንስ በድንገት ጠባዩ ይለወጣል። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቆጣል ወይም ያለቅሳል፣ የተጠየቀውን ያልሰማ ይመስላል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ ነው። የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደ ገና መለካት፣ ከተሻለው በኋላም ምግብ መስጠት ይገባል። መለኪያ ከሌለና ጥርጣሬው ካለ ስኳሩን መስጠት ይሻላል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ነገር አይጨመር፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በቅዳሴ ወይም በትምህርት መካከል ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሲበላ ብታዩት አትገሥጹት፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው።

ጾም፣ ጠበልና መድኃኒት

ክቡራን አባቶች፣ ይህ ክፍል በተለይ ወደ እናንተ ይመለከታል። ሐኪም ያላያቸውን ልጆች ንስሐ አባት ያያቸዋል፤ ጤና ጣቢያ ያልደረሰበት ቤት ንስሐ አባት ይደርሳል። እናት ልጇን ወደ ሐኪም ከመውሰዷ በፊት ብዙ ጊዜ የምታማክረው እናንተን ነው። በዚያች ሰዓት የምትናገሩት ቃል ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

ልጆቻችን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጾምን ይለማመዳሉ፤ መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የታመመን በጾም አታስጨንቅም። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ምግብ ሳይቀምስ ረጅም ሰዓት ቢቆይ ስኳሩ አንሶ ሊወድቅ ይችላል፤ ጾሙን ብሎ መርፌውን ቢተው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ይደርሳል። ስለዚህ የአዋጅ ጾምንም ሆነ ከቍርባን በፊት ያለውን ጾም በተመለከተ ንስሐ አባት ከወላጅና ከሐኪም ጋር ተመካክሮ አስቀድሞ ይወስን። ልጁ በራሱ ኅሊና እየተጨነቀ በስውር እንዲጾም አንተወው። «አንተ በመድኃኒትህ ታዘዝ፤ ጾምህ ይህ ነው» የሚል የአባት ቃል ከልጁ ላይ ትልቅ ሸክም ያወርዳል።

ስለ ጠበልም እንናገር። በጠበል መፈወስን እናምናለን፤ ለዚህ ማንም እንዲያፍር አንፈልግም። ነገር ግን ጠበል መጠመቅ መድኃኒት ማቋረጥ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ ትምህርት ለስኳር ሕሙማን ልጆችም ይሠራል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ጠበል ቦታ ሲሄድ ኢንሱሊኑ፣ መርፌውና ምግቡ አብረውት ይሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር እንደሚያስተምረን፣ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ ለምእመናን ብታስታውሷቸው ብዙ ጥርጣሬ ይወገዳል።

በሌላ በኩል ኤዲኤችዲ ያለበትን ልጅ «መንፈስ ይዞታል» ብሎ በሰው ፊት መጥራት ቁስል ይጥላል። ልጁ ያንን ስም እስኪያድግ ይሸከመዋል። ጸሎቱ አይቅር፤ ስሙ ግን ይቅር።

ከአጥቢያው ምን ይጠበቃል?

ሰበካ ጉባኤ ብዙ ወጪ ሳያወጣ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የአብነት መምህራን አምስቱን ጥያቄዎች እንዲያውቁ ማድረግ፤ «ልውጣ» የሚልን ልጅም አለመከልከል። ሁለተኛ፣ ከአካባቢው ጤና ጣቢያና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ የስኳር መለኪያ የት እንዳለ፣ ሌሊት ወይም በበዓል ቀን ወዴት መሄድ እንደሚቻል አስቀድሞ ማወቅ። ሦስተኛ፣ ለድንገተኛ ሕሙማን ማጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት ለይቶ ማስቀመጥ። አራተኛ፣ ለችግረኛ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን መክፈል፤ ኢንሱሊን የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነውና አንድ ጊዜ በሚሰጥ ምጽዋት አይዘለቅም። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ አንድ ልጅ ተረክበው በየወሩ ቢጠይቁት ከዚህ የሚበልጥ ጽዋ የለም።

ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ በጥላ ቢቀመጥ ይጠበቃል። ከበረዶ ጋር ግን አይነካካ፤ የረጋ ኢንሱሊን አይሠራም። ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ጠርሙስ ቦታ ቢሰጥ ትልቅ ረድኤት ነው።

ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ሥርዓት ነው። ከፊት ይቀመጥ፤ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገረው፤ ሥራው በአጭር በአጭሩ ይከፈልለት፤ ጧፍ ማብራት፣ መጻሕፍት ማደል፣ ምንጣፍ ማንጠፍ የመሰለ እየተነሣ የሚሠራው አገልግሎት ይሰጠው። መልካም ሲሠራ ወዲያው ይመስገን። ችግሩ ትምህርቱንና ኑሮውን የሚያውክ ከሆነ ወላጆቹ የሕፃናት ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲወስዱት ምከሩ።

በመጨረሻም ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሲመለስ፣ ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም «እኔ ሰነፍ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አለን። ልጁ በሕመሙ ላይ የእኛን ፍርድ ደርቦ ተሸክሞት ነበር። ከእናንተ የምንለምነው ይህን ሁለተኛውን ሸክም ከልጆቻችን እንድታነሡልን ነው። የመጀመሪያውን ሸክም ለማቅለል ሐኪም አለ፣ ኢንሱሊን አለ፣ ጸሎት አለ፤ ሁለተኛውን ማንሣት የሚቻለው ግን ለመፍረድ ባለመቸኮል ነው።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።